ግቢ ውስጥ ላምና ፈረስ ማርባት፦ ከብቱን መጨረሻ ላይ ግዙ

ሰሞኑን ሦስት የሰፈር ሰው በተለያየ ቀን አንድ አይነት ነገር ጠየቀኝ፣ «ላም ልገዛ ነው፣ ጥሩ የት ነው ሚገኘው?» ነው ጥያቄው። ለሦስቱም የመለስኩት አንድ ነው፣ ላሟ ትቆይ፣ ድርቆሹን ገዝታችኋል ወይ? እበቱስ የት ነው ሚሄደው? እውነቴን ነው ምላችሁ፣ መሀል አዲስ አበባ ላይ ከብት ጀምሮ የተወ ሰው አብዛኛው ላም መምረጥ አቅቶት አይደለም፣ ላሟን ጥሩ አድርጎ መርጦ ይገዛል ግን ሰኔ ላይ መኖ ሲወደድና ጎረቤት በእበቱ ሽታ ሲማረር እጅ ይሰጥና በኪሳራ ይሸጣታል። ላሟም ትጎዳለች ሰውየውም ይጎዳል።

እኛ ያለነው ቀበና ነው፣ ከአራት ኪሎ ቁልቁል ወርዳችሁ ወደ ወንዙ ጠጋ ያለው ሰፈር። እናታችን በአንድ የሀበሻ ላም ጀመረች፣ አሁን አራት ላም፣ ሦስት ጥጃና ሁለት ፈረስ አለን፣ እኔና እህቴ ተከፋፍለን ነው ምንሰራው፣ እሷ ላሞቹን እኔ ፈረሶቹን። ከአንድ ወደ አራት ለመድረስ ብዙ ዓመት ፈጅቶብናል፣ ያም ጥሩ ነበር ብዬ ነው ማምነው፣ ምክንያቱም እያንዳንዷን ላም የጨመርነው መጀመሪያ የሷን መኖና የሷን እበት ቦታ ካዘጋጀን በኋላ ነው።

ሂሳቡን መጀመሪያ ስሩ

ሁለት ክልስ (የሀበሻና የፈረንጅ ድቅል) ላምና አንድ ፈረስ ብላችሁ አስቡ። አንድ ክልስ ላም በቀን ከ8 እስከ 10 ኪሎ ድርቆሽ ትበላለች፣ የኛ አገር ፈረስ አነስ ያለ ስለሆነ 5 ወይ 6 ኪሎ ይበቃዋል፣ ስለዚ ሦስቱ በቀን ወደ 24 ኪሎ ይፈልጋሉ ማለት ነው። አንድ እስር ድርቆሽ 12 ኪሎ ቢመዝን በቀን 2 እስር፣ በዓመት 730 እስር ነው። ይሄን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉትና ግቢያችሁን ዞር ብላችሁ እዩት፣ የቱ ጋ ነው ሚቀመጠው? ዓመቱን ሙሉ ሚይዝ ቦታ ከሌላችሁ ቢያንስ የስድስት ወር ሚይዝ ይኑራችሁ።

ድርቆሽ የሱሉልታን ሚያክል የለም፣ ሳሩ ሚታጨደው ክረምቱ እንደወጣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው፣ ዋጋውም ያኔ ነው ደህና ሚሆነው። ግንቦት ሰኔ ላይ ሚገዛ ሰው ያንኑ ድርቆሽ፣ ምናልባትም ዝናብ የነካውን፣ በውድ ነው ሚገዛው። ስትገዙ አንዱን እስር ፍቱና መሀሉን እዩ፣ ከላይ ጥሩ መስሎ መሀሉ የጠቆረ አለ። አረንጓዴነቱ ያልጠፋ፣ ሽታው ደስ ሚል፣ ስታራግፉት አቧራ ማይወጣው ነው ጥሩው። በእስር ብቻ ሳይሆን ሁለት ሦስቱን መዝኑ፣ እስር ሁሉ እኩል አይደለም። ስታስቀምጡ ደግሞ መሬት ላይ አታድርጉት፣ ከስር ፓሌት ወይ እንጨት አንጥፉ፣ ከግድግዳውም ትንሽ አርቁት አየር እንዲያልፍ። በደንብ ሳይደርቅ የተከመረ ድርቆሽ ከውስጥ እየጋለ ሄዶ ራሱን በራሱ ሊያቃጥል ይችላል፣ ቤት ለቤት በተጠጋጋበት ሰፈር ይሄ ቀልድ አይደለም።

ከድርቆሹ ሌላ ለምትታለብ ላም ድጋፍ መኖ ያስፈልጋል፣ እኛ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ ሚቀረው) ነው ምንቀላቅለው፣ ጨው እንጨምርበታለን፣ የቢራ ብቅል ተረፈም ስናገኝ እንሰጣለን። ልኩ በግምት ለምትሰጠው ለያንዳንዱ ሊትር ወተት ግማሽ ኪሎ ነው፣ 10 ሊትር ምትሰጥ ላም 5 ኪሎ፣ ያንንም ጠዋትና ማታ ከፍላችሁ። የብቅሉ ተረፈ እርጥብ ስለሆነ ቶሎ ይበላሻል፣ ሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሚያልቅ ብቻ ነው መግዛት ያለባችሁ። ፋጉሎው ላይ ደግሞ አደራ፣ ሻጋታ ካለበት አትስጡ። ሻጋታው አፍላቶክሲን ሚባል መርዝ ያመጣል፣ እሱ ደግሞ በላሟ በኩል አልፎ ወተቱ ውስጥ ይገባል፣ ማፍላትም አያጠፋውም፣ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ባለው ወተት ላይ በተሰራ ጥናት ዋናው ምንጭ ሆኖ የተገኘው የኑግ ፋጉሎ ነበር። ወተቱን ሚጠጡት የጎረቤት ህጻናት ናቸው፣ እኛ ቤት የሻገተ ፋጉሎ ቢገኝ ስንት ብር ይውጣበት አይባልም፣ ይጣላል።

ውሃ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ምትታለብ ላም በቀን 60፣ 70 ሊትር ትጠጣለች፣ ብዙ ወተት ከሰጠች ከዛም በላይ፣ ፈረስ 25 እስከ 30፣ ማጠቢያው ሲጨመር ሁለት ላምና አንድ ፈረስ ከ200 ሊትር በላይ ነው በቀን። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፣ ሦስት አራት ቀን ሊጠፋ ይችላል፣ ስለዚ 1000 ሊትር ሮቶ የመጨረሻው ትንሹ ነው። ውሃ የጎደላት ላም በዛው ቀን ወተቷ ይቀንሳል።

እበቱ

አንድ ላም በቀን ከ20 እስከ 30 ኪሎ እበት ትጥላለች፣ ሽንቷ ሳይቆጠር። ሁለቱ ላምና ፈረሱ አንድ ላይ በየቀኑ ከአንድ ማዳበሪያ በላይ ነው ሚሞሉት። ይሄን ቦይ ውስጥ ወይ ወንዝ ውስጥ መልቀቅ አይቻልም፣ ህጉም አይፈቅድም፣ ታች ላሉትም ሰዎች ነውር ነው። እኛ ቤት በሦስት መንገድ ነው ሚያልቀው፣ የላሞቹን እበት ኩበት ምትጠፈጥፍ ሴትዮ በየሁለት ቀኑ ትወስዳለች፣ እንጀራ ጋጋሪዎች ይገዟታል። የፈረሱ ፍግ ለብቻው ይከመርና ብስባሽ ይሆናል፣ ችግኝ ሚሸጡ ልጆች ይወስዱታል፣ የፈረስ ፍግ ቶሎ ስለሚግል ለብስባሽ በጣም ጥሩ ነው። የቀረው ጓሯችን ጎመን ላይ ይገባል። ባዮጋዝም ጥሩ ነው፣ ግን ከአራት ከብት በታች ሆኖ ጉድጓድ ማስቆፈር ብዙ አያዋጣም፣ ቦታም ይፈልጋል።

ጎረቤትን ከመጀመሪያው ቀን አነጋግሩ። ላሟ ሳትገባ ሄዳችሁ እንዲህ ላደርግ ነው፣ እበቱ እዚ ጋ አይቀመጥም፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይጠረጋል በሉ። እማማ ከጀርባችን ያሉት መጀመሪያ ተቃውመው ነበር፣ አሁን ጠዋት ጠዋት ቀድመው ወተት ሚወስዱት እሳቸው ናቸው። ወረዳም ሂዱ፣ የከተማ ግብርና ባለሙያ አለ፣ ከ2015 ጀምሮ የሌማት ትሩፋት ሚባለው ስራ ስላለ ስለ ክትባትና ስለ ማዳቀል ጠይቁ፣ በዛው ቦታችሁ በፕላን ምን ላይ እንዳለ አጣሩ። መሀል ከተማው እንዴት እየተቀየረ እንዳለ ሁላችንም እያየን ነው፣ ፒያሳም ካዛንቺስም ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ብዙ ብር አውጥታችሁ በብሎኬት በረት ከመስራታችሁ በፊት ይሄን ማወቅ አለባችሁ፣ እኛ ራሳችን በረቱን ተነቅሎ ሊሄድ በሚችል ቆርቆሮና እንጨት ነው የሰራነው፣ ሲሚንቶ ያለው ወለሉ ላይ ብቻ ነው።

ወለሉን ሲሚንቶ ስታደርጉ ልስልስ አታስደርጉት፣ ሳይደርቅ በመጥረጊያ አስፍቁት ወይ መስመር መስመር አውጡበት፣ ላም ተንሸራታ ከተሰነጠቀች አትነሳም። ወደ አንድ በኩል ትንሽ ዘቅዘቅ ይበል ሽንቱ እንዲወርድ። ግድግዳውን እስከላይ አትድፈኑት፣ አዲስ አበባ ብርድ ነው ብለው ሙሉ በሙሉ ሚዘጉ አሉ፣ ላም ግን ከብርድ ይልቅ የታፈነ አየር ነው ሚጎዳት። ፈረሱ ለብቻው 3 በ3 ሜትር ክፍል ይኑረው፣ ተኝቶ መነሳት ስላለበት ጠባብ ቦታ ውስጥ ይያዛል።

አሁን ላሟን ግዙ

መጀመሪያ ለሚጀምር ሰው የኔ ምክር ክልስ ናት፣ ደሟ ግማሽ ወይ ሦስት አራተኛው ሆልስታይን የሆነ፣ ወይም ጀርሲ ክልስ፣ ጀርሲዋ ትንሽ ስለምትበላና ወተቷ ቅቤ ስለሚበዛበት ለጠባብ ግቢ በጣም ትመቻለች። ንጹህ የፈረንጅ ላም ወተቷ ብዙ ነው ግን መኖና ህክምናዋ ለጀማሪ ይከብዳል። የሀበሻ ላም ጠንካራ ናት፣ ግን በቀን ሁለት ሊትር ለመታለብ ሙሉ ቀን ድርቆሽ በሚገዛበት ከተማ ውስጥ አታዋጣም፣ ይሄን እናቴም ነች ያለችው፣ የመጀመሪያዋን ላሟን ግን እስከመጨረሻው አልሸጠቻትም።

ሸጎሌና ካራ ገበያ አለ፣ ግን ምትታለብ ላም ከገበያ ይልቅ ከሰው ቤት ብትገዙ ይሻላል፣ ስትታለብ ማየት ስላለባችሁ። አንዴ አይታችሁ አትመኑ፣ ጡቷ ተወጥሮ እንዲታይ ጠዋት ሳይታለብ ሚያቆዩ ደላሎች አሉ። ማታ ሲታለብ እዩ፣ በነጋታው ጠዋት ተመልሳችሁ እዩ፣ የሁለቱ ድምር ነው የቀን ወተቷ። አራቱንም ጡት በእጃችሁ ነክታችሁ እዩ፣ የጠጠረ ካለ ወይ ወተቱ ቁርጥራጭ ካለው ተዉት። ጥርሷን ክፈቱ፣ ከታች ፊት ለፊት ያሉት ስምንቱም ትልልቅ ከሆኑ ከአራት ዓመት በላይ ናት፣ ሁለት ብቻ ከቀየረች ሁለት ዓመት አካባቢ።

ምርመራ ሳይደረግላት ግን አታስገቧት፣ ይሄን ምለው ደርሶብኝ ነው። ሦስተኛዋን ላም ስንገዛ ደላላው ቸኩል ቸኩል አለን፣ እርጉዝ ናት ተባለ፣ ቆንጆ ቡሬ ላም ነበረች፣ በሰባተኛ ወሯ አስወረደች፣ ሐኪም ደሟን ሲያስመረምር የውርጃ በሽታ ሆኖ ተገኘ። እህቴ ያኔ የወጣውን ጽንስ በባዶ እጇ ነበር ያነሳችው፣ ይሄ በሽታ ወደ ሰው ይተላለፋል፣ ለሳምንታት በጭንቀት ነበር የኖርነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ተመርምራ ነጻ ሆነች። ከዛ ወዲህ ማንኛዋም አዲስ ላም የሳምባ ነቀርሳና የውርጃ በሽታ ምርመራ ሳታልፍ በራችንን አታልፍም። የነቀርሳው በቆዳ ነው ሚሰራው፣ መርፌ ተወግታ ከ72 ሰዓት በኋላ እብጠቱ ይነበባል፣ ስለዚ ሐኪሙ ሁለቴ መምጣት አለበት፣ ሻጩ ሦስት ቀን አልጠብቅም ካለ ሌላ ላም ፈልጉ። ወተቱንም ደንበኞቻችሁ አፍልተው እንዲጠጡ በየጊዜው ንገሯቸው፣ ጤነኛ ነው ብላችሁም ቢሆን።

አላለብ ላይ ረጅም አልጽፍም፣ እጅ መታጠብ፣ ጡቷን ለብ ባለ ውሃ ማጠብና ለያንዳንዷ ላም በተለያየ ንጹህ ጨርቅ ማድረቅ፣ የመጀመሪያዎቹን ጠብታዎች ጥቁር ኩባያ ላይ አልቦ ማየት፣ ጡቷ የታመመችውን መጨረሻ ላይ ማለብ። መድኃኒት የተወጋች ላም ወተት ሐኪሙ እስካለው ቀን ድረስ አይሸጥም። ማለቢያ ሰዓታችሁን አትቀያይሩ።

እንገሩ የጥጃው ነው

ስትወልድ ሰፈርተኛው እንገር ይጠብቃል፣ ባህላችንም ነው፣ ግን ጥጃው ቀድሞ ይጥገብ። ጥጃ ሲወለድ በደሙ ውስጥ በሽታ መከላከያ የለውም፣ ሚያገኘው ከእንገሩ ብቻ ነው፣ አንጀቱም ያንን መቀበል ሚችለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፣ ከአንድ ቀን በኋላ ይዘጋል። በሁለት ሰዓት ውስጥ እንዲጠባ አድርጉ፣ ቢያንስ ሦስት ሊትር፣ መጥባት ካቃተው አልባችሁ በጡጦ ስጡት። እትብቱን አዮዲን ውስጥ ንከሩት። ወንድ ጥጃ ስለሆነ ብለው እንገር ሚነፍጉ አሉ፣ ይሄ ያሳዝነኛል፣ በደንብ ያደገ ወይፈን እኮ ለበዓል ጥሩ ዋጋ አለው።

የእንግዴ ልጁ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልወጣ ሐኪም ጥሩ፣ በእጃችሁ አትጎትቱ። ብዙ ወተት ያላት ላም በወለደች በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ተኝታ መነሳት ካቃታት፣ ጆሮዋ ከቀዘቀዘ፣ አንገቷን ወደ ጎኗ ካጠፈች የወተት ትኩሳት ነው፣ ካልሲየም ስላጠራት ነው፣ በደም ስሯ ከተሰጣት በሰዓታት ውስጥ ትነሳለች፣ ካዘገያችሁ ትሞታለች። ያኔ ምንም ነገር በአፏ አትጋቷት፣ መዋጥ ስለማትችል ወደ ሳምባዋ ይገባል።

ከተማ ውስጥ ያለ ሌላ ትልቅ ነገር ፌስታልና ሚስማር ነው። ላም ስትበላ እያጣራች አትበላም፣ ጠቅልላ ነው ምትውጠው። ፌስታል ጨጓራዋ ውስጥ እየተጠራቀመ ይዘጋታል፣ ሚስማርና ሽቦ ደግሞ ጨጓራዋን አልፎ ልቧን ሊወጋ ይችላል፣ ልብና ጨጓራዋ በጣም ቅርብ ናቸው። ስለዚ ከሰፈር የተሰበሰበ የአትክልት ልጣጭ ምናምን ስትሰጡ በእጃችሁ በትናችሁ ፈትሹ፣ ላሞቻችሁንም ቆሻሻ ገንዳ አካባቢ አትልቀቁ። እኛ ድርቆሹ ላይ ማግኔት እናሳልፋለን፣ ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ነው፣ ስንት ሽቦ እንዳወጣ ብታዩ ትገረማላችሁ።

ፈረሱ

ፈረስ እኔ ምወደው ነገር ስለሆነ እዚ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። ጃን ሜዳ ቅርባችን ነው፣ ልጅ ሆነን ጥምቀት ላይ ፈረሰኞቹን ለማየት አጥር ላይ ነበር ምንሰቀለው። አባቶቻችን ሰውን በፈረሱ ስም ነበር ሚጠሩት፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ሰው ከፈረሱ ጋር ምን ያህል አንድ እንደነበረ ከዚ ይገባችኋል። አሁን ከተማ ውስጥ ፈረስ ለልጆች ግልቢያ፣ ለሰርግ፣ ለበዓል ይሰራል፣ የኛዎቹም ቅዳሜና እሁድ በዛ ነው መኗቸውን ሚችሉት።

ስትገዙ ከሰላሌ በኩል ሚመጡት ለግልቢያ ጥሩ ናቸው። ጠንካራ መሬት ላይ አስረግጣችሁ አስሩጡት፣ በአንዱ የፊት እግሩ ሲረግጥ ጭንቅላቱን ወደላይ ሚያደርግ ከሆነ ያ እግሩ ያመዋል። ኮርቻ አስወርዳችሁ ጀርባውን ዳስሱ፣ ቁስል ወይ ነጭ ጸጉር ካለ ኮርቻ የበላው ነው። ሰኮናውን አንሱ፣ አራቱንም እግር ዝም ብሎ ሚሰጥ ፈረስ ጨዋ ፈረስ ነው። ከተማ ውስጥ ከመልክ በፊት ገራምነት ነው፣ ሚኒባስ ጡሩንባ ሲያሰማ ሚደነብር ፈረስ ይዛችሁ ከቀበና ጃን ሜዳ መውጣት አትችሉም፣ የኔ ዳማ ይሄን ለመልመድ ብቻ ሦስት ወር ፈጅቶብናል፣ በየቀኑ ጠዋት ገና መኪና ሳይበዛ ትንሽ ትንሽ እያወጣሁት፣ ከዛ ሰዓቱን እየገፋሁ።

አሁን ዋናው ነገር፣ የላሟን መኖ ለፈረሱ አትስጡ። ሰው ሁለቱም ሳር በሊታ ናቸው ብሎ አንድ ገንዳ ላይ ያበላቸዋል፣ ግን ሆዳቸው ፈጽሞ ሌላ ነው። ላም አራት ክፍል ያለው ጨጓራ አላት፣ ታመሰኳለች፣ ፈረስ አንድ ትንሽ ጨጓራ ነው ያለው፣ ማስመለስም አይችልም፣ የገባው ነገር መጥፎ ከሆነ መውጫ የለውም። የተዘጋጀ የዶሮ መኖና አንዳንድ የከብት መኖ ውስጥ ሚጨመር ሞኔንሲን ሚባል ነገር አለ፣ ዶሮና ከብት በልኩ ይችሉታል፣ ፈረስን ግን ልቡን ይገድለዋል፣ ትንሹም ይበቃዋል። ስለዚ የፈረሱ ባልዲ፣ መስፈሪያውም ጭምር ለብቻው ይሁን። የሻገተ ድርቆሽም ላሟ ልትችለው ትችላለች ፈረሱ አይችልም፣ አቧራማ ከሆነ በውሃ አርሱለት።

ፈረስ ትንሽ ትንሽ ብዙ ጊዜ ነው መብላት ያለበት፣ በተፈጥሮው ቀኑን ሙሉ ሚግጥ እንስሳ ነው። ድርቆሹን ሦስት አራት ጊዜ ከፍላችሁ ስጡት፣ ገብስ ሚያስፈልገው ሲሰራ ብቻ ነው፣ ያንንም አንድ ወይ ሁለት ኪሎ በሁለት ከፍላችሁ። ፉርሽካ ርካሽ ነው ብላችሁ በፉርሽካ ብቻ አትያዙት፣ ፉርሽካ ፎስፈረሱ ብዙ ካልሲየሙ ትንሽ ስለሆነ በጊዜ ብዛት አጥንቱን ያሳሳዋል፣ ፊቱም ያብጣል። መኖ ስትቀይሩ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይሁን።

ሆዱን ሲቆርጠው ምታውቁት መሬት በእግሩ ሲጭር፣ ጎኑን ዞሮ ዞሮ ሲያይ፣ ሲተኛ ሲነሳ፣ ሲንከባለል፣ ሲያልበው፣ ፋንድያም ሳይጥል ሲቆይ ነው። መኖውን አንሱ፣ ሐኪም ደውሉ፣ እስኪመጣ በቀስታ አራምዱት፣ ዘይት ምናምን በጉሮሮው አታንቆርቁሩ። አምና ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አንደኛው ፈረሳችን እንዲህ ሆኖ እስኪነጋ ግቢው ውስጥ ሳዞረው አደርኩ፣ ጠዋት ሐኪሙ መጥቶ በቱቦ አከመው፣ ዳነ። ምክንያቱ ሮቶው ባዶ ሆኖ ማታ ውሃ ሳይጠጣ ደረቅ ድርቆሽ መብላቱ ነበር። ለዛ ነው ውሃ ውሃ ምለው።

ሰኮናውን በየቀኑ በመፋቂያ አጽዱ፣ በየ6 ወይ 8 ሳምንቱ ይከርከም፣ አስፋልት ላይ ሚሄድ ከሆነ ብረት ይደረግለት። በክረምት እርጥብ ወለል ላይ ከቆመ የሰኮናው ስር ይበሰብሳል፣ መጥፎ ሽታ አለው፣ መድኃኒቱ ደረቅ ወለል ነው። ቴታነስ ደግሞ ፈረስን እንደሚጎዳ ሌላውን የቤት እንስሳ አይጎዳም፣ ሚስማር ከወጋው ቁስሉ ትንሽ ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ፣ በዛው ቀን ሐኪም ይየው።

ክትባትና ክፉ ቀን

ክትባት ብር ማባከን ነው ሚል ሰው ስሰማ ክፉ ቀንን አስባለሁ። ከ1880 እስከ 1884 አገራችን ላይ የነበረው ያ ረሃብ የጀመረው የደስታ በሽታ (ሪንደርፔስት ሚባለው) ከብቱን ስለጨረሰው ነው፣ በሬ ጠፍቶ መሬቱ ጦሙን አደረ። ያ በሽታ ዛሬ የለም፣ በ2003 ከመላው ዓለም መጥፋቱ ታወጀ፣ ያጠፋው ክትባት ነው። አሁን የሌሎቹን የእንስሳት በሽታዎች ክትባት ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት አገር ውስጥ ያመርታል፣ ከ1956 ጀምሮ ያለ ተቋም ነው። ለላሞቹ አባ ሰንጋ፣ አባ ጎርባ፣ የቆዳ ጉርብርብታና አፍተግር፣ ለፈረሱ ደግሞ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ። ይሄኛው በትንንሽ ተናካሽ ዝንቦች ስለሚተላለፍ ክረምቱ ሲወጣ ነው ሚበዛው፣ ስለዚ ክትባቱ ከዛ በፊት መሆን አለበት፣ ማታ ማታም ፈረሱን አስገቡት።

ሁለት ነገር ለህይወታችሁ ብላችሁ ያዙልኝ። ከብት ድንገት ሞቶ ከአፍንጫው ወይ ከኋላው ማይረጋ ደም ከወጣ አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል አትክፈቱት፣ አትግፈፉት፣ አትብሉት፣ ወዲያው ለባለሙያ ንገሩ። ሁለተኛው፣ ላሟ ምራቋ እየተዝረበረበ፣ ድምጿ ተቀይሮ እየጮኸች፣ መዋጥ አቅቷት የሆነ ነገር አንቋታል ብላችሁ እጃችሁን አፏ ውስጥ አትክተቱ። መሀል ከተማ ባለቤት የሌለው ውሻ ብዙ ነው፣ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ከነካችሁ በሳሙናና ውሃ 15 ደቂቃ ታጥባችሁ በቀጥታ ጤና ጣቢያ።

መቼ ልጨምር?

እኛ ቤት ያለው ህግ ይሄ ነው፣ አዲስ ከብት ሚመጣው ባለፈው ዓመት ድርቆሽ ሰኔ ላይ ተርፎን ከነበረ ብቻ ነው። ካልተረፈ ወተት ጥሩ ቢሸጥም አንጨምርም። በጣም ጥሩው ጭማሪም ከግቢ ውስጥ የተወለደች ጊደር ናት፣ በሽታዋን እናውቃለን፣ እናቷን እናውቃለን።

ለዛ ደግሞ ማዳቀሉ በሰዓቱ መሆን አለበት። ላም በየ21 ቀኑ ኮርማ ትፈልጋለች፣ ምልክቱ ሚቆየው ግን 12 እስከ 18 ሰዓት ብቻ ነው። አንድ ላም ብቻ ካላችሁ ሌላ ላም ስለማትወጣባት ማወቅ ይከብዳል፣ ስለዚ ያለ ወትሮዋ ስትጮህ፣ ወተቷ ድንገት ሲቀንስ፣ ከኋላዋ እንደ እንቁላል ነጩ ሚመስል የጠራ ፈሳሽ ሲወርድ ልብ በሉ። ጠዋት ካያችሁ አዳቃዩን ከሰዓት ጥሩ፣ ማታ ካያችሁ በነጋታው ጠዋት። ስትደውሉ የኮርማውን ቁጥር ጠይቃችሁ ጻፉ፣ አባትና ልጅ እንዳይገናኙ።

ወሩንም ምረጡ። አዲስ አበባ ውስጥ ወተት ሚሸጥ ሰው ከጾም ጋር ነው ሚኖረው፣ ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ደንበኛው ግማሹ ይቀራል፣ ወተቱን እየናጣችሁ ቅቤ ታስቀምጣላችሁ፣ ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ ያው ሰው ሁሉ አንዴ ይመጣል። ሐምሌ 1 የተዳቀለች ላም ሚያዝያ 6 አካባቢ ትወልዳለች፣ 280 ቀን ቁጠሩት፣ ወተቷ በደንብ ሚጨምረው ልክ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። ከመውለዷ ሁለት ወር በፊት መታለብ ማቆም አለባት፣ ጡቷ እንዲያርፍና ጥጃውም እንዲጠነክር፣ ያ ጊዜ ደግሞ በአብዛኛው ሁዳዴ ውስጥ ነው ሚወድቀው፣ ወተት ማይፈለግበት ጊዜ ላይ እሷም ታርፋለች። ሚያዝያ ወልዳ እንደገና ሐምሌ ላይ ብትዳቀል በዓመት አንድ ጥጃ ይወጣል። ሁሉንም ላም ግን በአንድ ወር አታድርጉት፣ ክርስቲያን ያልሆኑ ደንበኞች አሉ፣ ጾም ላይም ለልጆቹ ሚገዛ ቤት አለ፣ እኛ ሁለቱን ሐምሌ ላይ ሁለቱን ጥቅምት ኅዳር ላይ ነው ምናስዳቅለው።

ይሄን ሁሉ በጭንቅላት መያዝ አይቻልም። ወጥ ቤት በር ጀርባ ላይ ካላንደር አለ፣ እህቴ የተዳቀለችበትን ቀን በሰማያዊ፣ መታለብ ሚቆምበትን በቀይ፣ ሚወለድበትን በአረንጓዴ ትከብበዋለች፣ የፈረሶቹ ሰኮናና ክትባት በእርሳስ። ወለላ ምንላት ላማችን ሐምሌ 1 ነው የተዳቀለችው፣ ስለዚ ቀዩ ክብ የካቲት 6 ላይ ነው።